አራተኛው እንቅልፍ

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። በሕልሜም አላየሁትም።

የሚያውቁኝ ሰዎች "ፈለቀ ደግሞ ጀመረው" እንደሚሉ አውቃለሁ። ስሄድ ስለማልም፣ ብቻዬን ስለማወራ ነው። ይበሉ። ያን ቀን ግን ነቅቼ ነበር። ፀሐይም ነበረች።

ማክሰኞ ነው። ኅዳር 1932። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ቦታው ከዘመሮ በታች ነው፤ የመንዝ ደጋ ተቆርጦ ወደ ቆላ በሚወርድበት፣ ገደሉ ወገብ ላይ ባለች ሞቅ ያለች ሜዳ። ጣሊያኖች እዚያ ረጅም የሣር ቤት ሠርተዋል። በውስጡ ሐር የሚፈትል ትል ያረባሉ። እኛ "የትል ቤት" እንለዋለን።

ትሎቹ ቅጠል ሲበሉ ድምፅ አላቸው። ሣር ክዳን ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል። እንግዳ ሰው በሩ ጋ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ ሰማይ ያያል።

በዚያ ማክሰኞ ግን ከጥጉ ሰፌድ ምንም ድምፅ አይወጣም ነበር...

ቅጠሉ ግን እስከዚያች ሰዓት ያልቅ ነበር።

ከሥሩ ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ። ሁለተኛ ደረጃውን ለመጨረስ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ጠላት ገባ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። አንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ በብብቴ ይዤ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ለእርሻ አልረባም። በሬ ጠምጄ እንኳ ዓይኔ ደመና ላይ ነው። ያስጠጋችኝ ታላቅ እህቴ ጥሩሸዋ ናት።

ጥሩሸዋ ሦስት ወልዳ ሦስት ቀብራለች።

ሦስቱም ገና ሲወለዱ፣ እቅፏ ሳይደርሱ ነው የሞቱት። "ሾተላይ አለባት" ተባለ። ሾተላይ ልጅን ከእናቱ እየነጠቀ የሚወስደው ነው። ባሏ መኳንንት ከአርበኞች ጋር ዱር ሲገባ አራተኛውን በሆዷ ትቶላት ሄደ።

"ይህን ብቻ ይተውልኝ" ትል ነበር። "ይህን ከተወልኝ ሌላ አልለምነውም።"

ደብተራ ኃይለ ኢየሱስ ክታብ ጻፉላት። ብራናው መሀል ላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሣሉበት። ጠቅልለው በጥቁር ቆዳ ሰፉትና አንገቷ ላይ አሰሩላት።

"እስክትወልጂ አይውረድ" አሏት። "የሰው ዓይን ካየው ብራና ብቻ ነው። አለቀ።"

የትል ቤቱ አለቃ ሽማግሌ ጣሊያን ነበር። ደረቱ ያፍነዋል፤ ሲናገር ያፏጫል። ዶቶሬ እንለዋለን። ፈረንሳይኛ ስለማውቅ አስተርጓሚው አድርጎ ቀጠረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ከትል ሌላ የሚያየው ነገር አልነበረውም እንጂ።

አንድ ቀን አንድ ትል መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ፀሐይ አዞረው።

"ነጭ ነው አይደል? ከቆዳው ሥር ኖራ የመሰለ ነገር አለ። ሆዱን የሚሸፍንለት እሱ ነው። አንዳንዱ ትል ግን ያ ነገር ሳይኖረው ይፈለፈላል። ያን ጊዜ ቆዳው መስታወት ይሆናል። የበላው ቅጠል ሲወርድ ታየዋለህ።"

"ከምን ይመጣል?" አልኩት።

"ከወላጆቹ።"

"ወላጆቹ መስታወት ናቸው?"

ሳቀ፤ አፏጨ።

"አባቱ ነጭ። እናቱ ነጭ። አያቱም ነጭ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን ውስጣቸው ተደብቋል። ሁለት ደባቂዎች ሲጋቡ ከአራት ልጅ አንዱ ላይ ይወጣል። አንድ ከአራት... እኔ የምፈልገው ያን አንዱን ነው።"

እንቁላሉ እንዲፈለፈል ሙቀት ያስፈልገዋል። ማሞቂያ ምድጃው ግን መንገድ ላይ ከነበቅሎው ጠፋ። ማን እንደወሰደው ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አልተናገረም። ያኔ ዶቶሬው የእናቱ አገር ሴቶች የሐር ትል እንቁላል በትንሽ ከረጢት ጡታቸው መሀል አድርገው እንደሚፈለፍሉ አስታወሰና የሰፈሩን ሴቶች አስጠራ።

እኔ እያፈርኩ አስተረጎምኩ።

ተሾመች የምትባል ጎረቤታችን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "ራሱ አይታቀፈውም?" አለች። "ጡት ባይኖረው ሆድ አለው።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

"ምን አለች?" አለኝ ዶቶሬው።

"እያሰቡበት ነው አለች።"

"እንቁላል የያዘች ሴት መንገድ ሥራ እንደማትሄድ ንገራቸው።"

ሳቁ ቆመ። በመንገድ ሥራው ድንጋይ ፈለጣ ስንቷ እንዳስወረዳት ሁሉም ያውቃል። መጀመሪያ እጇን የዘረጋችው ጥሩሸዋ ነበረች። ሆዷ ገፍቷል፤ ወሯ ገብቷል።

አርባ እንቁላል ደረሳት። ከክታቡ በተረፈው ጥቁር ቆዳ ከረጢት ሰፋችና አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሆኑ። ክታቡና እንቁላሉ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዶቶሬው ሰብስብ አለኝ። ቤት ስደርስ ጥሩሸዋ ጎታውን ጭቃ እየለቀለቀች ነበር።

"እትዬ፣ እንቁላሉን አምጡ ተብሏል።"

"እጄ ጭቃ ነው። አንተው ከአንገቴ ቁረጠው።"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ወንድም እህቱ ደረት ላይ አያይም። በዳበሳ ክሩን ፈለግሁ። ሁለት ክር ጣቴ ላይ መጣ። አንዱን ሳብኩ፤ በምላጭ ቆረጥኩ፤ ሳላይ ኪሴ ከተትኩት።

"ያዝከው?"

"ያዝኩት።"

ያ ነው ጥፋቴ። ያቺ ፊቴን ያዞርኩባት ቅጽበት።

ዶቶሬው ስፌቱን በመቀስ ቀደደው... እንቁላል የለም። ብራና ነው።

ሁለቱ ዓይኖች ወደ እኔ ያያሉ።

ሮጥኩ። ቤት ስደርስ ሥራው አድክሟት በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀች እንቅልፍ ወስዷታል። አንገቷ ላይ የቀረው ከረጢት አፉ ተከፍቷል። ባዶ ነው።

ትሎቹ ሆዷ ላይ ነበሩ።

ገና እንደ ጉንዳን ጥቃቅን ናቸው። ቀሚሷ ላይ በክብ ተደርድረዋል፤ አንድም ከመስመሩ አልወጣም። ሁሉም ጭንቅላታቸውን ወደ መሀል አድርገዋል። ወደ እምብርቷ...

በዶሮ ላባ አንድ በአንድ እየጠረግሁ ሰፌድ ላይ ሰበሰብኳቸው። አርባ ነበሩ።

ዓይኗን ገለጠች።

"ምንድነው?"

"ዝንብ ነው።"

"ክታቤስ አለ?" አለች ደረቷን እየዳበሰች።

"አለ። ክሩ ላልቶ ነው። ላጥብቅልሽ።"

ልብ በሉ፤ ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ግን የተከፈተ ክታብ ያለቀለት መሆኑን ታውቃለች። ወሯ ገብቷል። ፈራሁ። ባዶውን ከረጢት ወደ ጓሮ ወስጄ አፉን እንደ ክታብ ሰፋሁትና መልሼ አሰርኩላት።

ሳመችው። ባዶ ቆዳ ሳመች።

ዶቶሬው አርባዎቹን ለብቻቸው ጥግ ላይ አኖራቸው። ብራናውን አልጣለውም። እየሳቀ ሰፌዱ ጎን ላይ በእሾህ ሰካው።

"የእናንተ መድኃኒት የእኔን ልጆች ይጠብቅልኝ።"

ጠበቃቸው። በሌላው ሰፌድ በሽታ ገብቶ ትሎች ጠቁረው ሲረግፉ ከአርባዎቹ አንድም አልሞተም።

ሲያድጉም ቆዳቸው አልነጣም። ዶቶሬው ከአርባ አሥር መስታወት ቢወጣለት ይበቃው ነበር። አርባውም ወጡ። አርባውም።

በመጀመሪያው ቀን ዘፈነ። በሁለተኛው ቀን ጠራኝ።

"ና እይ" አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጓል። "ጀርባቸው ላይ ያለው ይህ መስመር ልባቸው ነው። ሲመታ ይታያል።"

አየሁ። ይመታል።

"የአንዱን ብቻ አይደለም። ሁሉንም እይ።"

አርባው በአንድ ላይ ነበር የሚመታው... አንዱ እንኳ አይቀድምም።

በተፈለፈሉ በአምስተኛው ቀን ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው እንደ ደረቀ እንጨት ቆሙ።

"ይህ እንቅልፋቸው ነው" አለኝ። "ቆዳ ይቀይራሉ። አራት ጊዜ ይተኛሉ። ከአራተኛው በኋላ ጥቂት ቀን ያለ ልክ ይበላሉ፤ ከዚያ ምግብ ይተዋሉ። ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጋሉ። ጭራሮ ትሰጣቸዋለህ፤ ይወጡና ይፈትላሉ።"

ያን ዕለት ወደ ቤት ስገባ ጥሩሸዋ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እጇ ሆዷ ላይ ነው።

"ፈለቀ... ዛሬ አልተንቀሳቀሰም።"

"ተኝቶ ይሆናል" አልኳት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ ትሎቹ አሮጌ ቆዳቸውን ጥለው ነቁ። ማታ ስመለስ እህቴ ትስቃለች።

"ሦስት ሰዓት ገደማ ረገጠኝ። እንደ አባቱ ነው፣ ሳይነግር ይመጣል።"

አብሬያት ሳቅሁ። ሰዓቷን ግን በልቤ ያዝኳት።

በሁለተኛው እንቅልፍም እንዲሁ ሆነ። ሕፃኑ ዝም አለ። ትሎቹ ሲነቁ ረገጠ።

ሦስተኛው ያ ማክሰኞ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅጠል መብላታቸውን ድንገት አቆሙ። አርባ ጭንቅላት በአንድ ጊዜ ተነሣ።

ጀርባቸውን አየሁ። ልባቸው ቆሟል።

ሮጬ ወጣሁ። ጥሩሸዋ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ያቺን ባዶ ቆዳ በሁለት እጇ ጨብጣለች።

"እንደነዚያ ሦስቱ ነው" አለች። "እንዲህ ዝም ብለው ነው የሄዱብኝ።"

"እስከ ነገ ጠብቂ።"

"በምን አወቅህ?"

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ረገጠ። ትሎቹ ያኔ ምን እያደረጉ እንደነበር እኔ ሳላይ አውቃለሁ።

ዶቶሬው ግን ውሳኔ ላይ ደርሶ ነበር። አራተኛው እንቅልፍ ሲጀምራቸው አርባውንም አልኮል ውስጥ ከትቶ ወደ አገሩ ሊልካቸው ነው። ጠርሙሶቹን አሳጥቦ ደረደራቸው።

"ተዋቸው" አልኩት።

"ለምን?"

"እህቴ..." አልኩ። በፈረንሳይኛ ምን ይባላል? በአማርኛስ?

ልሰርቃቸው ወሰንኩ። አራተኛው ይደርሳል በተባለበት ቀን ፀሐይ ስትወጣ ባዶ ቅርጫት ይዤ ወረድኩ።

ዶቶሬው ቀድሞኛል። ሰፌዱ ፊት ቆሟል። ጠርሙሶቹ ባዶ ናቸው።

"አንተ ነህ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

ሰፌዱን አየሁ። ትል የለም። ቅጠሉ ሳይነካ አለ። አርባ ስስ ቆዳ ብቻ በክብ ተደርድሯል፤ ጭንቅላታቸውን ወደ መሀል አድርገው።

ብራናውን አየሁ። ጽሑፉ እንዳለ ነው። ሁለቱ ዓይኖች ግን የሉም። ዙሪያቸውን ተከትሎ ተበልቷል።

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ተሾመች ናት፤ ትንፋሿ ተቆርጧል።

"ና ውጣ፣ ምጥ ይዟታል።"

ሕፃኑ ከቀትር በፊት ተወለደ። ወንድ ነው። በሕይወት ተወለደ።

አዋላጇ እማማ ወለተኪዳን ጨርቅ ጠቅልለው ወደ ጓሮ ይዘውት ወጡና ጠሩኝ።

"አንተ ፊደል ቆጥረሃል። ና ይህን እይ።"

ጨርቁን ገለጡት። ፀሐይዋ ሆዱ ላይ አረፈች... አለፈችም። ልቡ ሲመታ ይታያል። እናቱ ገና አሁን ያጠባችው ወተት በነጭ መስመር ሲወርድ ይታያል።

"እማማ... አይተው ያውቃሉ?"

"ሦስቱንም እኔ ነኝ የገነዝኩ። ሳላሳያት። ሦስቱም እንዲህ ነበሩ።"

"ሾተላይ አልነበረም?"

"ሾተላይ ያልነው እኛ ነን።" ጨርቁን መለሱት። "የእናንተ እናት አንድ ወንድሟ እንዲህ ነበር። የመኳንንትም አክስት። አይወራም።"

አባቱ ነጭ። እናቱ ነጭ።

"ታዲያ ይሞታል?"

እማማ ጨርቁን ከፊቱ ገለል አደረጉ።

"እነዚያ ሲወለዱ ዓይናቸው የተከደነ ነበር። ይህ..."

ሕፃኑ እያየኝ ነበር። ሁለት ትልልቅ ዓይኖች። የማውቃቸው ዓይኖች።

ዶቶሬው በሳምንቱ ዕቃውን ጭኖ ወጣ። ሲሰናበተኝ እጄን ያዘ። "ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የተኙት" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። የትል ቤቱን ቆይቶ ሰው አቃጠለው።

ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። ቄስ ገብረየሱስ ከውኃው ሲያወጡት ቶሎ ሸፈኑት፤ "ፀሐይ አታሳዪው" ብቻ አሉ። እህቴ ስሙን ቢያድግልኝ አለችው። ጠቅልላ ጥላ ውስጥ ያዘችው። ሃምሳ ቀን ሞላው። መቶ ሞላው። አለቀሰች፣ ዘፈነች። "ተወልኝ" እያለች ያቺን ቆዳ ትስማለች።

እኔ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ።

ቢያድግልኝ አይተኛም።

እንቅልፍ ያንሰዋል ማለቴ አይደለም። ጭራሽ አይተኛም። እናቱ ስትተኛ እሱ ጣሪያውን ያያል። ስትነቃ ጣሪያውን ያያል። አልቅሶም አያውቅም።

"ነቅቶ ይጠብቀኛል" ትላለች። "ምን አስጨነቀህ?"

አሥር ወር እንዲህ አለፈ።

በዚህ በመስከረም 1933፣ ከመስቀል በፊት፣ ጠራችኝ።

"ፈለቀ፣ ና እየው። እንቅልፍ ወሰደው" አለች። ፊቷ በርቷል። "አሁን ገና እንደ ሰው ልጅ ተኛልኝ።"

ገባሁ።

ተቀምጦ ነበር የተኛው። ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ። እንደ ደረቀ እንጨት።

ሁለት ቀን አልነቃም። በሦስተኛው ነቃ። መደቡን ሳነጥፍ ከቁርበቱ ሥር አንድ ነገር አገኘሁ። ስስ ነው፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ። አምስት ጣት ነበረው።

እህቴ ሳታይ አቃጠልኩት።

ከዚያ ያለ ልክ ይጠባ ጀመር። ሌት ከቀን። እህቴ ጡቷ ደረቀ፤ የላም ወተት ጨመረች። አልበቃውም። ስምንት ቀን እንዲህ ሆነ።

ትናንት ጠዋት ጡት አልይዝም አለ። የላም ወተትም አልቀመሰም።

ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን በግ ገደል ገባ ብለው ጠሩኝ። ጥቂት ቆይቼ ነው የተመለስኩት።

መደቡ ባዶ ነው። ቢያድግልኝ ገና መዳህ ከጀመረ ወሩ ነው።

"እትዬ?"

"እስስ..."

ድምፁ ከጓዳ መጣ። ጥሩሸዋ ጎታው ሥር ቆማ ወደ ላይ ታያለች። በአንድ እጇ የተተረተረ ቆዳ ይዛለች። ስፌቱ የእኔ ነው።

"ባዶ ነበር" አለች በሹክሹክታ። አልተቆጣችም። "ሁሉ ጊዜ ባዶ ነበር?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

"እኔ እኮ ስመው ነበር" አለች።

ቀና ብዬ አየሁ።

ጎታው አናት ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ራቁቱን ተቀምጧል። በሣሩ ቀዳዳ የገባች ፀሐይ በእሱ አልፋ ግድግዳው ላይ አርፋለች። ጭንቅላቱን በዝግታ ወደ ግራ ያዞራል... ወደ ቀኝ... ደግሞ ወደ ግራ። ዓይኑ እኛ ላይ ነው።

ከከንፈሩ እስከ ማገሩ አንድ ቀጭን ነገር ያብለጨልጫል።

እህቴ ጎንበስ አለች። ከእግሯ ሥር ያስቀመጠችውን አነሣች። ጭራሮ ነው። እኔ አልነገርኳትም። ቅጠሉን አራግፋ፣ እሾሁን ለቅማ፣ በንጹሕ ነጠላ ላይ ደርድራዋለች።

በእግሯ ጣት ቆማ አንዱን ወደ ላይ ዘረጋችለት።

ትንሽ እጅ ከላይ ወርዳ ተቀበለቻት።